የሠፈሩ ውሻ የማን ነው?

በድሬዳዋ ማለዳ ወደ ሥራዋ የምትወጣ ሴት ሁሉ የምታውቀው ትዕይንት አለ። ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ባጃጆች መንገዱን ሳይሞሉት፣ በከዚራ ዛፎች ሥር፣ በቀፊራ ገበያ ዳር፣ በየቆሻሻ መጣያው ዙሪያ ውሾች ተሰብስበው ይታያሉ። አንዱ አጥንት ይቆረጥማል፤ ሌላው እከክ የበላውን ጀርባውን ከግንብ ጋር ያሻሻል፤ አንዲት የወለደች ውሻ ደግሞ ቡችሎቿን የምታጠባበት ጥላ ትፈልጋለች። መንገደኛዋ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ማዶውን ይዛ ታልፋለች። ልጇን ወደ ትምህርት ቤት የምታደርስ እናትም የልጇን እጅ ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች።

«ይህ ውሻ የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ከሠፈሩ ሰው የሚገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። «የማንም አይደለም፤ የሠፈር ውሻ ነው» ይባላል። ነገሩን በጥሞና ላስተዋለው ግን የማንም ያልሆነ ውሻ ከሰማይ አልወረደም፤ ከአንድ ሰው ደጅ ወጥቷል። ውድ አንባቢ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ ከእርስዎ ጋር ለመወያየት የፈለግነው ስለዚሁ ደጅ ነው።

ከየት ይመጣሉ?

በብዙ ቤት ውሻ የሚፈለገው ግቢ እንዲጠብቅ ነው። ስለዚህም ወንዱ ቡችላ ተመርጦ ይወሰዳል፤ ሴቷ ግን «ትወልዳለች፤ የሠፈሩን ወንድ ውሻ ትሰበስብብናለች» ተብላ ትጠላለች። እናቲቱ በወለደች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሴቶቹ ቡችሎች በካርቶን ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ተደርገው ገበያ አጠገብ ወይም በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ይጣላሉ። ይህን አድርግ ተብሎ የሚላከውም ብዙ ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው። ልጁ ከረጢቱን ጥሎ ሲመለስ ምን ተምሮ እንደሚመለስ እናት ልታስብበት ይገባል።

የድሬዳዋ ወንዝ ደግሞ የሚታመን አይደለም። ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ ከደጋው የዘነበው ዝናብ በደቻቱ በኩል ድንገት ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ማጥፋቱን የከተማው ነዋሪ አይዘነጋውም። ሰውን ያልማረ ጎርፍ ዓይኗን ያልገለጠች ቡችላን አይምርም።

ከተጣሉት መካከል ብዙዎቹ ይሞታሉ። ከሞት የተረፈችው ሴት ውሻ ግን አንድ ዓመት ሳይሞላት ለመውለድ ትደርሳለች። እርግዝናዋ 63 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በዓመትም ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። በአንድ ጊዜ አምስት ብትወልድ በዓመት 10 ቡችሎች ማለት ነው። ድመት ደግሞ ገና በአምስተኛ ወሯ ልትፀንስ ስለምትችል ከውሻ ትፈጥናለች። እንግዲህ ዛሬ በአንድ ካርቶን የተጣሉ ሦስት ሴቶች ከጥቂት ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚሆኑ ሒሳቡን ለእርስዎ እንተዋለን።

ሁለተኛው ምክንያት ቆሻሻ ነው። ሳይከደን የሚቀመጥ ገንዳ፣ በየጥጉ የሚደፋ የሥጋ ቤት ትራፊ፣ በበዓል ማግስት መንገድ ላይ የሚጣል አንጀትና ሰኮና ውሾችን ከሩቅ ይጠራል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? በበላበትም ይሰፍራል፤ በሰፈረበትም ይወልዳል።

የልጆቻችን ሕይወት

ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሊነገር የሚገባው ነበር። ነገር ግን የልጆቻችን ሕይወትም ጉዳይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል። በአገራችንም በዓመት የሚሞተው ሰው 2,700 ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ከመቶ 99 እጁ የሚመጣው ከውሻ ሲሆን፣ ተጠርጣሪ እንስሳ ከነከሳቸው 10 ሰዎች ውስጥ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ልጅ ቁመቱ አጭር በመሆኑ የሚነከሰው ብዙ ጊዜ ፊቱንና አንገቱን ነው፤ ቁስሉ ለአንጎል በቀረበ መጠን ደግሞ በሽታው ይፈጥናል።

የበሽታው ተሐዋሲ ያለው በለሃጭ ውስጥ ነው። በንክሻ፣ በጥፍር ቡጭሪያ፣ የተላጠ ቆዳን በመላስም ይገባል። ምልክቱ እስኪታይ ከሁለት እስከ ሦስት ወር መቆየቱ የተለመደ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጊዜው ያለው ከንክሻው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ውስጥ ነው።

ልጅዎ ቢነከስ በመጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። ቧንቧው ውሃ ከሌለው ሌላ ሰው ከጀሪካን እያንቆረቆረልዎ ይጠቡ። 15 ደቂቃ አጭር አይደለም፤ ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ያህል ነው። ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ቁስሉ ላይ በርበሬ፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር መነስነስ አይገባም። «ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ይድናል» ማለትም አደገኛ ነው፤ የሚገድለው የቁስሉ ትልቅነት አይደለምና። የነከሰው ውሻ ወይም ድመት ከታወቀ አይግደሉት፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቅ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ መታመም አለመታመሙ ለሐኪሙ ትልቅ ምስክር ነው። ይህ ማለት ግን 10 ቀን እስኪያልፍ ሕክምናውን ማቆየት ማለት አይደለም።

በዕድሜ የገፉ እናቶች ሆድ ላይ የሚወጉትን የድሮውን መርፌ ያስታውሱ ይሆናል። ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረው ክትባት ከ14 ያላነሱ መርፌዎች ነበሩት፤ በዚያ ፍርሃት ሕክምናውን አቋርጠው የቀሩም አይታጡም። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ ሲሆን በጥቂት ቀጠሮዎች ያልቃል። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ሐኪሙ ተጨማሪ መድኃኒት ይጨምርበታል። ከቀጠሮው አንዱን እንኳ መዝለል አይገባም። ፈረንሣዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲያድን የዓለም እናቶች ሁሉ እፎይ ብለው ነበር። አዲስ አበባ ላይ ይህ ክትባት ይዘጋጅበት የነበረውን ተቋም ሕዝቡ «ፓስተር» እያለ መጥራቱም ከዚሁ ስም የተወረሰ ነው።

መርዝ ያላስወገደው

«ታዲያ ለምን አይገደሉም?» የሚሉ አይጠፉም። በአገራችን ከተሞች ይህ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። ሥጋ በስትሪክኒን እየተለወሰ በሌሊት ሲጣል፣ ጧት ሬሳ በየመንገዱ ሲሰበሰብ ለብዙ ዘመን ታይቷል። ውሾቹ ግን አላለቁም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆሻሻው ባለበት ስላለ የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ከሌላ ሠፈር የመጣ ያልተከተበ ውሻ ይተካበታል። መርዙም የተከተበውን ካልተከተበው፣ የጎረቤትን ጠባቂ ውሻ ከጎዳናው አይለይም። በዚያው መንገድ ላይ ሕፃናት ይጫወታሉ፤ ፍየሎችም ይሠማራሉ። የዓለም የጤና ድርጅትም በሽታውን የሚያቆመው ውሾችን መግደል ሳይሆን መከተብ መሆኑን ደጋግሞ ያስገነዝባል።

የሚያስፈልገው ሒሳብ እንዲህ ነው። በአንድ ሠፈር ካሉት 10 ውሾች ሰባቱ ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ድልድይ ይሰበራል። ሜክሲኮ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሾችን በነፃ በዘመቻ በመከተብ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ ማጥፋቷ በዓለም የጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል። ትንሿ ቡታን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 14 ዓመት ደክማ የጎዳና ውሾቿን በሙሉ እንዳይወልዱ አድርጋ መከተቧን እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቃለች። ሁለቱም ሀብታም አገር ከሚባሉት አይደሉም።

በእኛም አገር ምሳሌ አለ። በባሌ ተራሮች ያልተከተቡ ውሾች ያመጡት በሽታ በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረውን ቀይ ቀበሮ ደጋግሞ ጨርሶት ነበር፤ በተለይ በ1996 ዓ.ም. የደረሰው እልቂት ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአካባቢውን ገበሬዎች ውሾች በየመንደሩ መከተብ የቀበሮው መጠበቂያ አጥር ሆኗል። በዚያው በባሌና በአዲስ አበባ፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ሃፕስ» የሚባለው የቤት አልባ እንስሳት ጥበቃ ማኅበር ከኢትዮጵያ ሚሊኒየም በፊት ጀምሮ ውሾችን በመርዝ ከመፍጀት ይልቅ መከተብና ማምከን እንደሚሻል ሲያስተምር ቆይቷል።

ውሻውን ማን ይይዘዋል?

እዚህ ላይ የእርስዎ ድርሻ ይመጣል። የክትባት ዘመቻ በተደረገ ቁጥር ባለሙያዎችን የሚያስቸግራቸው መርፌው አይደለም፤ ውሻውን መያዙ ነው። የማንም ያልሆነ ውሻ በማንም አይያዝም። በየዕለቱ የእንጀራ ፍርፋሪ የምትሰጠው ሴት ስትጠራው ግን ጅራቱን እየቆላ ይመጣል። እርሷ አንገቱን አቅፋ ስትይዘው ሐኪሙ ሥራውን በአንድ ደቂቃ ይፈጽማል። እንግዲህ በስሙ የሚጠራው ሰው ያለው ውሻ የሚከተብ ውሻ ነው። በስሙ የሚጠራው የሌለው ግን የሠፈሩ ሁሉ ሥጋት ሆኖ ይኖራል። ውሻን ማስጠጋት ማለት ለልጅዎ አጥር መሥራት ማለት ነው።

ግቢና አቅም ካለዎት አንድ ቡችላ ወይም አንዲት ድመት ያሳድጉ። ከማሳደግዎ በፊት ግን ከቤተሰቡ ጋር ይመካከሩ። ማን ያበላል? ማን ያጸዳል? ቤተሰቡ ሲጓዝ ማን ይጠብቃል? መልስ ከሌለ አይጀምሩ፤ ተወስዶ እንደገና የሚጣል እንስሳ ካልተወሰደው ይብሳል። ከወሰኑ በኋላ የሚከተሉትን ያስታውሱ።

አንደኛ፣ ቡችላው ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አይለዩት። ሦስት ወር ሲሆነው ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስደው የእብድ ውሻ ክትባት ያስከትቡት፤ በየዓመቱም ያሳድሱ። ወረቀቱን ከልጆችዎ የክትባት ካርድ ጋር ያስቀምጡት። ድመትም ትከተባለች፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ሁለተኛ፣ እንዳይወልዱ ስለ ማምከን የእንስሳት ሐኪሙን ያማክሩ። ሴቷ ከመከነች የሚያስጠላት ምክንያት ሁሉ ይቀራል፤ እንደ ወንዱ ግቢ ትጠብቃለች፤ ወንድ ውሾችንም ደጅዎ ላይ አትሰበስብም።

ሦስተኛ፣ ስለ ምግብ። የዶሮ ወጥ ትራፊ ለውሻ ጥሩ ምግብ አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻም ለድመትም ደም ጎጂ ናቸው፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር እንደ ስለት ሆኖ አንጀት ይቀዳል። ቅመም ያልገባበት ሩዝ፣ ፓስታ ወይም እንጀራ ከሥጋ ቁርጥራጭ ጋር ይበቃል። ለድመት ግልገል የላም ወተት ተቅማጥ ስለሚያመጣ አይመከርም።

አራተኛ፣ በመስቀል፣ በፋሲካና በአረፋ እርድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ካዩ ለውሻ አይጣሉ፤ ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ትል በውሻው ሆድ አድጎ በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆች ይመለሳል፤ በሰውም ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ እባጭ ያወጣል። ለውሻው የትል መድኃኒት ከሐኪሙ በየጊዜው ይቀበሉለት፤ ልጆችም ነክተውት ሲመለሱ እጃቸውን ይታጠቡ።

አምስተኛ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ የድመት ዓይነ ምድር ራስዎ አይጥረጉ፤ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረገው። ፅንስን የሚጎዳ ተሐዋሲ ሊኖርበት ይችላል። በዚህ ምክንያት ግን ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። ያው ተሐዋሲ ባልበሰለ ሥጋም ስለሚተላለፍ በእርግዝና ጊዜ ጥሬ ሥጋ መተው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፣ ልጆችዎን ያስተምሩ። የሚበላን፣ የሚተኛን ወይም ቡችላ ያላትን ውሻ አይንኩ። ውሻ ሲመጣባቸው አይሩጡ፤ ቆመው እጃቸውን ወደ ጎን አድርገው ዝም ይበሉ። ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከሚዝረከረክና መንጋጋው ከተንጠለጠለ ውሻ ይራቁ። «አጥንት ተሰክቶበት ይሆናል» ብሎ እጅን በአፉ መክተት ብዙዎችን ለአደጋ ዳርጓል።

ማሳደግ ለማይችሉ

ኪራይ ቤት ውስጥ የሚኖር፣ ከጧት እስከ ማታ ሥራ የሚውል፣ ወይም እምነቱ ውሻን ቤት ማስገባት የማይፈቅድለት ቤተሰብ አለ። እርሱም ከደጅ ሊረዳ ይችላል። መጠለያ ማለት ትልቅ ሕንፃ ብቻ አይደለም። በእኩለ ቀን ድሬዳዋ በሩን ዘግቶ ሲያርፍ፣ ከግንቡ ሥር የተጋደመ ማዳበሪያና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ለአንዲት የምታጠባ ውሻ መጠለያ ነው። ስለ ውሃው ግን አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከተማችን በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በቺኩንጉንያ ተጠቅታለች። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በየቤቱ በተቀመጠ ንጹሕ ውሃ ነው። ስለዚህ ሳህኑን ጧት ይሙሉት፤ ማታ ይድፉት፤ ውስጡንም ፈትገው ይገልብጡት።

ያ የበሽታ ዘመን ያስተማረን ሌላም ነገር አለ። ትንኟን ለማጥፋት እያንዳንዱ ቤት የራሱን በርሜል መክደንና የራሱን አሮጌ ጎማ መድፋት ነበረበት፤ አንድ ቤት ችላ ቢል የጎረቤቱ ድካም ከንቱ ነበር። የውሻውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የዕድር ስብሰባ ሲኖር፣ ቡና ተጠጥቶ ሲጨዋወቱ፣ አንድ ሰው ነገሩን ያንሣው። በሠፈሩ ስንት ውሻ አለ? ስንቱ ተከተበ? ማን የቱን ያበላል? በክትባት ቀን ማን የቱን ይይዛል? ይህን በአንድ ደብተር መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም። ደብተሩ ከተያዘ በኋላ ጥቂት እናቶች የእንስሳት ጤና ክሊኒኩን ተባብረው ቢጠይቁ አንድ ሰው ብቻውን ከሚጠይቀው ይበልጥ ይሰማሉ። በቅርባችን ባለው በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መኖሩንም መዘንጋት አይገባም። ወላጅ የሌላቸውን ቡችሎች ሁለት ወር እስኪሞላቸው በተራ ማሳደግ፣ ከዚያም ለታመነ ቤተሰብ መስጠት ወጣቶች በፈቃደኝነት ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ተማሪ ልጅዎ ቡችላ እንዲጥል ከሚላክ ይልቅ ለቡችላ ቤት እንዲፈልግ ቢላክ ምንኛ ይሻላል!

ርኅራኄው እንግዳ ነገር አይደለም። እስላሙ ጭቃ ለሚልስ ውሻ በጫማው ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው፣ ድመት አስራ በረሃብ የገደለችውንም ሴት ከሐዲስ ያውቃል። ክርስቲያኑም ባለጠጋው የናቀውን የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች እንደነበሩ ከወንጌል ሰምቷል። በአንድ አጥር ጎረቤት የሚኖሩት የድሬዳዋ ልጆች ከሁለቱም ቤት የሚሰሙት ትምህርት አንድ ነው።

ሰው በከንቱ ሲገደልና ደሙ ጠያቂ ሲያጣ «ደመ ከልብ ሆነ» እንላለን፤ የውሻ ደም ጠያቂ እንደሌለው አድርገን ስለምናስብ ነው። ከላይ እንዳየነው ግን ጠያቂ ያጣ ውሻ ጠያቂ ያለውን ልጅ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ነገ ማለዳ ወደ ሥራዎ ሲወጡ፣ ከደጅዎ ፊት ለፊት የተኛውን ውሻ አንድ ጊዜ ቆም ብለው ይመልከቱት። ስም አለው? ተከትቧል? የተወለደውስ ከማን ግቢ ነው? «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅዎት ሰው ቢኖር፣ «የሠፈር ነው» ከማለት ይልቅ «የእኛ ነው፤ ተከትቧል» ለማለት ያብቃዎት።